ዳገቱን ሳይሆን ቁልቁለቱን ጠይቁ፦ በእግር ለሚሳለሙ አምስት መንገዶች በንጽጽር

በእግሩ ሄዶ ለመሳለም ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም መልሱ ብዙ አይረዳም፤ ሰባ ኪሎ ሜትር ዳገት የወጣ ሰው በማግስቱ ቆሞ ሲያስቀድስ፣ ግማሹን ያህል ቁልቁል የወረደው ጓደኛው ግን ግድግዳ ተደግፎ ደረጃ ሲወርድ በየበዓሉ እናያለን። ይህ መመሪያ የሚያወዳድረው ዝቋላ አቦን፣ ደብረ ሊባኖስን፣ ቁልቢ ገብርኤልን፣ ግሸን ማርያምንና ላሊበላን ሲሆን፣ የተጻፈው የትኛውን መንገድ በእግሩ እንደሚጀምር ላልወሰነ ሰው ነው። «ይህን ካደረግህልኝ በእግሬ እመጣለሁ» ብሎ ቦታ ጠርቶ የተሳለ ሰው ምርጫውን አስቀድሞ ጨርሷል፤ ለእርሱ የሚጠቅመው ስለ ጫማ፣ ስለ ስንቅና ስለ መመለሻ የተጻፈው ብቻ ይሆናል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የመሬቱ አቀማመጥ፣ በተለይም ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ልብ ያስመታል፤ ይሁን እንጂ መንገደኛው ዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አረፍ ሲል ትንፋሹ ይመለስለታል። ቁልቁለት ግን ሲወርዱት ቀላል መስሎ ዕዳውን ለነገ ያሳድራል። ሰውነት ወደ ፊት እንዳይደፋ የጭን ጡንቻ በየእርምጃው እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ስለሚይዝ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙም የሚብሰው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ጣቶችም ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጩ ውለው ጥፍር ይጠቁራል። ስለዚህ ቁልቁለቱ መንገዱ ላይ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የቀረውን መንገድ በታመመ እግር ትገፉታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ሕመሙ የሚመጣው ከደረሳችሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የቀን መቁጠሪያው ነው። በዓሉ የሚውልበት ወር ዝናቡንና ብርዱን ብቻ ሳይሆን ስንቁንም ይወስናል። የዝቋላው መጋቢት 5 ፋሲካ ቢቀድምም ቢዘገይም ሁልጊዜ ከዐቢይ ጾም አይወጣም፤ የደብረ ሊባኖሱ ግንቦት 12 ደግሞ ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምበትም። የቁልቢው ታኅሣሥ 19 እና የገናው የላሊበላ ጉዞ ሁለቱም ኅዳር 15 በሚገባው ጾመ ነቢያት ላይ ያርፋሉ። የግሸኑ መስከረም 21 ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የፍስክ ሰሞን ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ በፍስክ ወቅት በቅቤ የታሸ ጭኮ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፣ ከእርሱም ጥቂቱ ያጠግባል፤ በጾም ወቅት ግን በሶ፣ ቆሎ፣ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎና ማር ይዞ መጠኑን ከፍ ማድረግ የግድ ይሆናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ቢጓዝ፣ ፀሐዩን በጥላ አሳልፎ ከበላ በኋላ ጥቂት ቢጨምር ይሻለዋል፤ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም እርግዝና ያለባት ወይም ያለበት ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር።

ሦስተኛው ማደሪያና ውሃ ነው፤ በየስንት ሰዓቱ መንደር እንደሚገኝ፣ ሌሊቱን ቤት ውስጥ ወይስ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ጋቢ ተከናንቦ እንደሚታደር ማለት ነው። አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው መመለሻው ነው፤ ሕዝቡ የመጣው በሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ሲሆን የሚመለሰው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ወረፋውም የታሪፉ ጭማሪም የሚጠብቃችሁ በዚያ ቀን ነው።

ዝቋላ፦ መለማመጃ

2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ የእሳተ ገሞራ ተራራ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ሜዳው ላይ ብቻውን ጉብ ብሎ ይታያል፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፣ በዚያውም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። በዓሉ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው። ከቢሾፍቱ ጀምሮ የሚሄድ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ አቋርጦ ከፍታውን በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ እስከ ተራራው ግርጌ በመኪና የሄደ ግን የጥቂት ሰዓት ዳገት ብቻ ይቀረዋል። ጥቅምት መሬቱ ለምለም፣ አየሩም ጥሩ ነው፤ መጋቢት ፀሐይና አቧራ ከጾም ጋር ይደመራሉ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የመጡበትን ዳገት በማግስቱ ቁልቁል መመለስ ግድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ተጓዥ ጉልበቱንና ጫማውን የሚፈትንበት ከዚህ የሚሻል ቅርብ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ።

ደብረ ሊባኖስ፦ ለጥ ያለ ግን አስፋልት

ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በጎጃም መንገድ የሚያስኬደው ይህ ጉዞ በሦስት ቀን ይጠናቀቃል። እንጦጦን ከተሻገሩ በኋላ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ በኩል ያለው አገር አብዛኛው ደልዳላ ስለሆነ ጉልበት አይጎዳም፤ ቁልቁለቱ ያለው ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ገዳሙ ሲወርዱ ነው፣ እርሱም ዐጭር ነው። በየአሥርና በየአሥራ አምስት ኪሎ ሜትሩ ከተማ ወይም መንደር ስለሚገኝ ሻይ፣ ውሃና አልጋ አይቸግርም።

ችግሩ አስፋልቱ ነው። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ክንዳችሁን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ያልፋል፤ በግራ ጠርዝ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ መሄድና ሲመሽ መንገዱን መልቀቅ የግድ ነው። አስፋልት በራሱም ከአፈር መንገድ ይልቅ እግር ያቃጥላል። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ለዚሁ ብዬ አዲስ ሸራ ጫማ ገዝቼ ነበር፤ ጫንጮ ሳልደርስ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለካ ለጫማም ይሠራል። አብሮኝ የነበረ ልጅ በመርፌ ክር ሊያሳልፍበት ሲል ሻይ ቤቷን የያዙት እትዬ ከልክለውት፣ እግሬን ለብ ባለ ውሃ በሳሙና አጥበው፣ ንጹሕ ጨርቅ አስረውልኝ፣ የልጃቸውን የተረገጠ በረባሶ አውሰውኝ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ለአንድ ወር ያልተረገጠ ጫማ ለመንገድ አልይዝም፤ ፕላስተሩንም የምለጥፈው ቦታው ቀይ መሆን እንደ ጀመረ እንጂ ከቋጠረ በኋላ አይደለም።

የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዕረፍት በዓል ነሐሴ 24 ሲሆን ጊዜው የክረምቱ ጉልበት ያልላላበት ነው፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዝናብና ውርጭ ለበስ ነፋስ አብረው ይመጣሉ። ፍልሰተ ዐጽማቸው የሚከበርበት ግንቦት 12 ግን መሬቱ ደረቅ፣ ስንቁም ፍስክ ስለሆነ ለመጀመሪያ ረጅም ጉዞ የምመክረው እርሱን ነው።

ቁልቢ፦ ጉልበታቸው ለሚያማቸው

ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ከድሉ በኋላ እንዳሠሩት የሚነገርለት የቁልቢ ደብር ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል። ከአዲስ አበባ በእግራቸው የሚሄዱ ብርቱዎች ቢኖሩም፣ ለብዙ ሰው ተስማሚው ከድሬዳዋ የሚጀምረው የሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ መንገዱ ጥምዝምዙን የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው የሐረርጌ ደጋ ላይ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ዝቅ እያለ በሸንተረሩ ይቀጥላል።

እንግዲህ ከአምስቱ ውስጥ ጠቅላላ ሚዛኑ ወደ ላይ የሆነው፣ በመኪናም የሚያስመልሰው ይህ ነው። ዳገት የሚፈራ ሰው ከቁልቢ ሊሸሽ ይችላል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የደንገጎን አቀበት በሌሊት መጀመር የድሬዳዋን ሙቀት ያስመልጣል፤ ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ ከላይ የሚጠብቃችሁ ብርድ ስለሆነ ጋቢውን ታች ሳላችሁ «ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ እንዳትተዉት። መንገዱ ላይ በዓሉ ሲቃረብ ሻይና ዳቦ የሚሸጥ አይጠፋም። በኮረብታው ግርጌ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡትን፣ ሕፃን አዝለው ስለት ሊያደርሱ የመጡትን ስታዩ የሰዉ ግፊት ምን ያህል እንደሚበረታ ትረዳላችሁ፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ከዋዜማው ይልቅ አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ ይመረጣል።

ግሸን፦ አንድ በር ብቻ

ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ያለው ይህ አምባ የመስቀል ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የገባበት በመሆኑ መስከረም 21 ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍበታል። ጥንት ነገሥታቱ የዙፋን ተቀናቃኝ የሚሆኑ ልዑላንን ያስቀምጡበት የነበረውም አምባው ዙሪያው ገደል፣ መግቢያውም አንድ ስለሆነ ነው። ያ የጥንት እስረኛ ጠባቂ የወደደው አቀማመጥ ዛሬ ለተሳላሚ ዋናው ፈተና ሆኗል፤ የሚወጣውም የሚወርደውም በዚያው በጠባቡ መንገድ ስለሚተላለፍ በዋዜማው ማታ ለመውጣት መሞከር፣ በበዓሉም ዕለት ቅዳሴ እንዳበቃ ለመውረድ መሽቀዳደም አደገኛ ነው። መስከረም 19 ወይም ከዚያ በፊት ገብቶ 22 ላይ መውጣት የሚችል ሰው ግን ይህ ችግር ብዙ አይነካውም።

ከደሴ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሦስት ቀን ይበቃል ቢባልም፣ መስከረም ላይ ወንዞች ገና አልጎደሉም፣ የአምባሰልም ጭቃ ገና አልጠገገም። ቁልቁለት ከጭቃ ጋር ሲገናኝ የጫማ ሶል ዋጋ ይወጣል፤ ለስላሳ ሶል ያለው የከተማ ስኒከር እዚህ ከኮንጎ ጫማ ያንሳል፣ ኮንጎ ቢያንስ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ዱላ መያዝ ከአምስቱ መንገዶች ሁሉ እዚህ ላይ ግዴታ ነው፤ የጎረፈ ወንዝ ሲገጥም ደግሞ የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ እግር ማስገባት አይገባም። እስከ አምባው ግርጌ በመኪና መድረስ ስለሚቻል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የመጨረሻውን አቀበት ብቻ በእግራቸው ቢወጡ ከበቂ በላይ ነው።

ላሊበላ፦ ረጅሙና ውድ የሆነው

ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከዋግና ከትግራይ ጭምር ሳምንታት ተጉዞ ይደርሳል። ይህን ሊያደርግ ለማይችል ሰው ሁለት መነሻዎችን አነጻጽራለሁ። የመጀመሪያው ወልድያ ሲሆን በመኪናው መንገድ ከተሄደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በድልብ አቀበት ወጥቶ በደጋው ላይ እስከ ጋሸና ያስኬዳል፣ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ሁለተኛው ጋሸና ድረስ በመኪና ሄዶ የቀረውን ስድሳ ምናምን ኪሎ ሜትር በሁለት ወይም በሦስት ቀን መጨረስ ነው።

ዐጭሩ መንገድ ሲታይ ቀላሉ ይመስላል፤ ነገር ግን እኔን ያሳመመኝ እርሱ ነው። ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ከእርሷ የሚነሣው መንገድ ላሊበላ አየር ማረፊያ ወደሚገኝበት 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ቆላ ቀመስ አገር ይወርድና፣ ከዚያ እንደገና ወደ 2,500 ሜትር ወደ ከተማዋ ይወጣል። ቁልቁለቱ ቀድሞ ዳገቱ ኋላ የመጣበት መንገድ ይህ ነው፤ ከወልድያ የመጡት ግን ጋሸና ሲደርሱ እግራቸው በአራት አምስት ቀን ስለጠና ቁልቁለቱን ይችሉታል። በመኪና ደርሶ በትኩስ እግሩ የሚወርድ ሰው ነው የሚሰበረው።

በዚያ ቁልቁለት ላይ ከእኔ በዕድሜ እጥፍ የሚሆኑ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ አለፉኝ፤ እኔ እሮጥና እቀመጣለሁ፣ እርሳቸው ሳይቀመጡ ይደርሱብኛል። ስመለከታቸው መንገዱን ቀጥ ብለው አይወርዱትም፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተዘዋወሩ፣ ጉልበታቸውን ትንሽ ዐጠፍ አድርገው፣ እርምጃቸውን ዐጭር አድርገው ነው። በሦስተኛው ላይ «እማማ፣ እንዴት ነው የማይደክሙት?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ቁልቁለትን ፊት ለፊት አትጋፈጠው፤ በጎን በጎኑ ውረደው» አሉኝ፣ ዱላቸውንም ከፊታቸው ተክለው አሳዩኝ። በማግስቱ ጭኔን መንካት አልቻልሁም፣ እርሳቸውን ግን ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ቆመው አየኋቸው።

ሌላው ጉዳይ ቀኑ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በየአራት ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን፣ ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ስለነበረ፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ የእግር ጉዞውን ወደ ኋላ ቆጥሮ የሚነሣ ሰው ይህን ከረሳ ቤዛ ኵሉ ሲዘመር ገና አየር ማረፊያው አካባቢ ነው። ወጪውም ከሁሉ ይበልጣል፤ በገና ሰሞን የሆቴል ዋጋ ይንራል፣ የመመለሻ ትኬትም ይጠፋል። በሌላ በኩል በእግሩ ለመጣ ሰው የላሊበላ ሕዝብ የሚያደርገው አቀባበል በገንዘብ አይገኝም፤ የተሳላሚን እግር ማጠብ የቆየ ልማዳቸው ነው፣ ሜዳ ላይ በድንኳንና በጋቢ ሥር ከሕዝቡ ጋር የሚያድር ሰው ደግሞ ለአልጋ ምንም አይከፍልም። እንዲህ ለማደር የታኅሣሥን ውርጭ የሚችል ወፍራም ጋቢና መሬት ላይ የሚነጠፍ ፕላስቲክ ያስፈልጋል።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ርዝመትና ቀን | ቁልቁለቱ | ወቅትና ጾም | ማደሪያና ውሃ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዝቋላ | ከቢሾፍቱ 30 ኪ.ሜ. ያህል፣ 1–2 ቀን | ሲመለሱ | ጥቅምት 5 ፍስክ (ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ)፤ መጋቢት 5 ጾም | ተራራው ላይ ብርድ አለ፣ ውሃ ይዞ መውጣት | ዝቅተኛ |
| ደብረ ሊባኖስ | 100 ኪ.ሜ. ያህል፣ 3 ቀን | መጨረሻ ላይ፣ ዐጭር | ግንቦት 12 ፍስክና ደረቅ፤ ነሐሴ 24 ዝናብ | በየከተማው ይገኛል | ዝቅተኛ |
| ቁልቢ | ከድሬዳዋ 70 ኪ.ሜ. ያህል፣ 2 ቀን | ጥቂት | ታኅሣሥ 19 ጾምና ብርድ፤ ሐምሌ 19 ዝናብ | መንገድ ዳር ይገኛል፣ ቦታው ላይ ይጨናነቃል | መካከለኛ |
| ግሸን | ከደሴ 80 ኪ.ሜ. ያህል፣ 3 ቀን | እየተፈራረቀ፣ ከጭቃ ጋር | መስከረም 21 ፍስክ (ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ) | ውስን | መካከለኛ |
| ላሊበላ | ከጋሸና 2–3 ቀን፣ ከወልድያ 7 ቀን | ከጋሸና መጀመሪያው ላይ | ገና፣ ጾምና ውርጭ | ቤት ውድ፣ ሜዳ ነጻ | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ሥራ ስላለበት ሁለት ቀን ብቻ የሚያገኝና ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ጥቅምት 5 ዝቋላን ይያዝ። ሦስት ቀንና መጠነኛ ገንዘብ ያለው፣ ብቻውን ለመሄድ የሚፈራም ሰው ግንቦት 12 ደብረ ሊባኖስን ይምረጥ፤ ቢደክመው በየትኛውም ቦታ ታክሲ አስቁሞ መሳፈር ይችላል፣ ይህም ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጉልበት የሚያማቸውና ከሐምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች፣ ልባቸው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ፣ ለቁልቢ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ግን የደንገጎን አቀበት አይሞክር። የገጠር መንገድ የለመደና ጭቃ የማያስደነግጠው ወጣት ግሸንን ይሂድ። ላሊበላን የምመክረው ከእነዚህ አንዱን አስቀድሞ ለሄደ ሰው ነው፤ አንድ ሳምንት ካለው ከወልድያ፣ ሦስት ቀን ብቻ ካለው ግን ጋሸና ደርሶ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ቁልቁለቱን በሁለት ቀን ከፍሎ ይውረድ።

ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለበዓል የሚመጡ ወገኖች ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ካላለ አገር ስለሚነሡ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጡ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዛቸው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይተው ቢነሡ ሰውነታቸው ይለምደዋል፤ በአውሮፕላን ላሊበላ ወርደው በዚያው ቀን አሸተን ማርያምን ለመውጣት የሚጣደፉትን ግን አልደግፍም።

የጸጥታውን ጉዳይ ሳልጠቅስ ባልፍ መመሪያው ጎደሎ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የወሎንና የላስታን መንገዶች በየጊዜው ዘግቷል፤ የጎጃም መንገድም ከስጋት ነጻ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ግሸንንና ላሊበላን ያሰበ ሰው ከመነሣቱ በፊት ባለው ሳምንት ከዚያው አካባቢ ካለ ዘመድ ወይም ከደብሩ አገልጋዮች የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፣ በቡድን ይሂድ፣ ከመሸ በኋላም አይጓዝ። መንገዱ ከተዘጋ ቁልቢ ወይም ዝቋላ እንደ ተለዋጭ አስቀድሞ ቢታሰብ ጾሙም ስንቁም ከንቱ አይሆንም።

ለመወሰን ለከበደው አዲስ አበቤ አንድ ፈተና አለኝ። በአንድ ቅዳሜ ለጉዞ የምትይዙትን ስንቅና ጋቢ በሙሉ አዝላችሁ፣ በምትሄዱበት ጫማ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ውጡ፣ ሳታርፉም በዚያው ውረዱ። እሑድ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ስትነሡ የትኛው እንደሚያማችሁ ልብ በሉ። ተረከዝ ከሆነ ጫማው ይቀየር፣ ትከሻ ከሆነ ሸክሙ ይቀነስ፣ ጭንና ጉልበት ከሆነ ደግሞ የዘንድሮውን በቁልቢ አድርጋችሁ የድሬዳዋን ትኬት ቁረጡ።